የቆምኩበትን ለማወቅ የማንን ደጅ ልጥና?

ቴክኖሎጂ ሲመጣ ፈቃድ ይቀራል፣ ወረፋ ይቀራል፣ «ነገ ተመለስ» ይቀራል ያላችሁኝ ልጆች የት ናችሁ? ኑ፣ ፊቴ ቁሙ። እኔ ቀበሌን ኮምፒውተር ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ዘበኛው አለ፤ መስኮቱ ከነቁጥሩ አለ፤ «አንተ የዚህ ክፍል ነዋሪ አይደለህም» የሚለው አለ፤ ጠይቀውት ዝም የሚለውም አለ። የቀረው ባለጉዳይ የሚያርፍበት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው።

ጉዳዩ እኮ ኢምንት ነበር። የእህቴ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ የመንገድ ጉዳት እየዞረ የሚመዘግብ መኪና አዘጋጁ። ጣሪያው ላይ ካሜራ፣ ከካሜራው አጠገብ መዳፍ የማትሞላ የጂፒኤስ መቀበያ፣ ከወንበር ሥር ደግሞ ራስበሪ ፓይ የሚሏት ትንሽ ኮምፒውተር። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ቀያሽ ነበሩ፤ ልምድዎን ያካፍሉን» ብለው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ልምዴን ፈልገው መስሎኝ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ለካ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ የሚያስቀምጥላቸው ሰው ነው የቸገራቸው።

ከሰማይ በሚመጣው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ፤ ማንም ሳይለምናቸው፣ ማንንም ሳያስከፍሉ ሰዓታቸውን ይናገራሉ። መቀበያዋ ቢያንስ የአራቱን ቃል ከሰማች ያለችበትን ቦታ ታሰላለች። አሜሪካኖች ለጦራቸው ብለው የሠሩት ነው፤ እስከ 1992 ዓ.ም. ሚያዝያ ድረስም ለእኛ ለተራው ሰው ሆን ብለው እያዛቡ ነበር የሚሰጡን። ከዚያ ማዛባቱን ተዉት። እንግዲህ ፍረዱኝ፦ የአሜሪካ ጦር እንኳ በሩን ከፍቶ የለቀቀውን ነገር ከመኪና ጣሪያ እስከ ወንበር ሥር ለማውረድ ነው ያ ሁሉ ደጅ ጥናት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው።

ለምን አትሉም? መቀበያዋ አንድ፣ ፈላጊዎቿ ሦስት ናቸው። የካሜራው ፕሮግራም ፎቶው የት እንደተነሳ መጻፍ ይፈልጋል። የካርታው ፕሮግራም መኪናዋን በካርታ ላይ ማሳየት ይፈልጋል። ሰዓት ጠባቂው ደግሞ የኮምፒውተሩን ሰዓት በሳተላይት ሰዓት ማስተካከል ይፈልጋል። «ታዲያ ሦስቱም ቀጥታ አያዳምጧትም?» ብል ሦስቱም ልጆች አዘኑልኝ።

አይሆንም ነገሩ። መቀበያዋ በሽቦ የምትልከው ተራ የጽሑፍ መስመር ነው፤ መስመሩ በዶላር ምልክት ይጀምርና (ዶላር የማይገባበት የት አለ!) ከኮከብ ምልክት በኋላ በማረጋገጫ ቁጥር ይዘጋል። ሁለት ፕሮግራሞች እኩል ከከፈቷት አንዱ የመስመሩን ራስ፣ ሌላው ጅራቱን ይወስዳል። ማረጋገጫ ቁጥሩ ስለማይገጥም ሁለቱም የያዙትን ይጥሉታል። ማንም አልበላ፣ ማንም አልጠገበ።

ይኸን ጠብ የሚያስታርቅ ጂፒኤስዲ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ የነበረ ሽማግሌ ስለሆነ ወዲያው ወደድኩት። መቀበያዋን እሱ ብቻ ያዳምጣል፤ የሰማውን አስተካክሎ በ2947 ቁጥር በር በኩል ለጠየቀ ሁሉ ያድላል። እኛም ሜዳ ላይ የምንሠራው እንዲሁ ነበር። አንዱ በቴዎዶላይቱ ያያል፣ ያየውን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ መዝጋቢው የሰማውን ደግሞ ይጠራና ፊልድ ቡኩ ላይ ያሰፍራል። አንድ ዓይን፣ አንድ ድምፅ፣ ሰሚው ብዙ። እዚህ ላይ ቢቆሙልኝ ኖሮ መርቄያቸው ቤቴ እገባ ነበር።

አልቆሙም። እያንዳንዱን ፕሮግራም ለየብቻው ኮንቴይነር ውስጥ ከተቱት። በፈረንጅ 2013 ዶከር የሚባለው መሣሪያ ከወጣ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሆኗል አሉኝ። ጥቅሙንም አስረድተውኛል፤ እኔ እልኸኛ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ይዞ ይኖራል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አያበላሽም፤ ከዚህ ኮምፒውተር ነቅለህ እዚያ ብትተክለው እንደነበረ ይሠራል። መልካም። ግን ሰውን ለየብቻ ቤት ዘግተህበት ስታበቃ «ለምን አትነጋገሩም?» ብለህ ብታለቅስ ማን ይስማህ?

መጀመሪያ ጂፒኤስዲን የያዘው ኮንቴይነር መቀበያዋን አላያትም። ሽቦው ጫፍ ላይ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች «የለችም» አለ። ሲከፈት «ይኸን መሣሪያ እንዲያይ ተፈቅዶለታል» ተብሎ በስም ካልተጻፈለት ለካ አያይም። ተጻፈለት። አሁን ደግሞ «አያታለሁ፤ ማንበብ ግን አልተፈቀደልኝም» አለ። መሣሪያዋን የሚያነብ ዳያልአውት የሚባለው ቡድን አባል መሆን አለበት። ይኸ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተደወለ ይገባ ከነበረበት ዘመን የቀረ ቡድን ነው። የሚደወለው ነገር ከጠፋ ስንት ዘመኑ! መታወቂያው ግን ዛሬም ይጠየቃል።

መታወቂያው ወጣ፤ ሠራ፤ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስንሄድ ሾፌራችን አንድ የፍጥነት መቀነሻ ሳያይ ዘለለው። የእኔ ወገብ ቀረ፤ የመቀበያዋ ሽቦም ለቅጽበት ላልቶ ተመልሶ ገባ። ኮምፒውተሩ ያቺኑ መቀበያ አዲስ እንግዳ መጣች ብሎ ሌላ ስም ሰጣት፤ ዜሮ ስትባል የነበረችው አንድ ተባለች። ፈቃዱ የተጻፈው ግን በዜሮ ስም ነው። ኮንቴይነሩ የድሮውን ወረቀት ይዞ «እንዲህ ያለች አላውቅም» ብሎ ቁጭ! ለአንድ ጉብታ ስም የሚቀየር ከሆነ፣ በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ስሙ ማን ሊሆን ነው? መድኃኒቱ በመለያዋ ቋሚ ስም ማውጣትና ተነቅላ ስትመለስ ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ እንዲነሳ ማዘዝ ነበር። አደረጉት። እኔ ሽቦውን በፕላስተር እሰሩት ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝ። ማታ ላይ በፕላስተርም አስረውት አየሁ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው «እዚሁ» የሚባለው ጉድ ነው። ለካሜራው ፕሮግራም «ጂፒኤስዲ እዚሁ ነው፤ በ2947 ቁጥር አንኳኳ» ተብሎ ተነግሮታል። ባንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው ሲኖሩ እውነት ነበር። አሁን ግን ኮንቴይነር ውስጥ ላለ ሰው «እዚሁ» ማለት የገዛ ክፍሉ ነው። ምስኪኑ የገዛ በሩን ከውስጥ ሆኖ ያንኳኳል፤ ማንም አይከፍትለትም፤ ደግሞ ያንኳኳል። ያኛው ሽማግሌም በተፈጥሮው ቁጥብ ነው፤ ትልቁን ጂ የምትባለውን ትእዛዝ ካልጨመሩለት በቀር ከራሱ ክፍል ውጪ ለመጣ አይከፍትም። አንዱ በሌለበት ይጠራዋል፣ ሌላው በማይጠራበት ይጠብቀዋል። ሁለቱም ወንበር ሥር ሳንቲም በምታህል አንድ ብረት ላይ ተቀምጠው!

ከሦስቱ ጭንቅላት ያላት ልጅ «ጋሼ፣ አንድ ኔትወርክ ላይ እናድርጋቸውና በስማቸው ይጠራሩ፤ ሽማግሌውም ለዚያ ኔትወርክ ብቻ ይክፈት» አለችኝ። ወይ ልጄ! ጎረቤት በስሙ ይጠራ ለማለት ነው ይኸ ሁሉ? እኔ ይኸን በእናቴ ጉያ ሳለሁ ነው የማውቀው።

የእህቴ ልጅ ግን የእሷን መንገድ እስክትጨርስ አልጠበቀም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በሩን ከውጪ በኩል፣ ለመጣ ሁሉ፣ ብርግድ አድርጎ ከፈተው። ቡና ልንጠጣ አንድ ካፌ ደጃፍ ቆምን፤ ኮምፒውተሯም ፎቶ ልትልክ ከካፌው ዋይፋይ ጋር ተገናኘች። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሳትነሳ ስልኳን አወጣችና የመኪናችንን ቦታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ አነበበችልን። የይለፍ ቃል የጠየቃት የለም፤ ጂፒኤስዲ ራሱ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አያውቅም። «ፋየርዎል አለኝ እኮ!» አለ የእህቴ ልጅ። ዶከር በዚህ መልክ ያወጣው በር በዚያ ፋየርዎል አጠገብ እንደማያልፍ፣ በጓሮ እንደሚዞር አስረዳችው። ለገዛ ካሜራው መናገር እምቢ ያለ ማሽን ለካፌው ተስተናጋጅ ሁሉ ዘረገፈው። ቀበሌ ማለቴ አለምክንያት መሰላችሁ? ባለጉዳዩ የማያየው ፋይል ሻይ ቤት ሲነበብ የት ነው ያየነው?

ሰዓቱንማ አታንሱብኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የተነሳነው። የእጅ ሰዓቴ ሦስት ይላል፤ የልጁ ላፕቶፕ ዘጠኝ ይላል፤ የኮንቴይነሩ መዝገብ ስድስት ይላል። ሦስቱም ልክ! እኔ ከንጋት እቆጥራለሁ፤ ላፕቶፑ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ ኮንቴይነር ደግሞ ካልነገሩት በቀር የሚያውቀው የግሪንዊችን ሰዓት ነው። ሳተላይቶቹ በበኩላቸው ምድር ስትዘገይ የሚጨመረውን ሰከንድ ስለማይቀበሉ ከዚያም በ18 ሰከንድ ይቀድማሉ። ጂፒኤስዲ ይኸን ቀንሶ ይሰጣል፤ የገዛ ፕሮግራሙን የጻፈ ጎበዝ ግን ካልቀነሰው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 300 ሜትር ይስታል። ሲኤምሲ ያለውን ጉድጓድ የሚቀጥለው ሰፈር ወስደው ይደፍኑታል ማለት ነው። ደግሞ ከደፈኑት!

አሁን ደግሞ ወደ ባሕር ልውሰዳችሁ። አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ስናቆም መቀበያዋ ሰማይ አጣች። ጂፒኤስዲ ታማኝ ስለሆነ ሲያጣ «አጣሁ» ይላል፤ ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር ደረጃ የሚባል ቁጥር ይልካል። አንድ ከሆነ ቦታ አልታወቀም፣ ሁለት ከሆነ ከፍታው የለም፣ ሦስት ከሆነ ሁሉም አለ ማለት ነው። ከአጠገቡም ስንት ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል ግምቱን ይጽፋል። የእህቴ ልጅ ፕሮግራም ግን ለሌሎቹ ሲያካፍል ይኸን ሁሉ «ትርፍ ነው» ብሎ ቆርጦ ጥሎታል። ቦታ ሲያጣ ባዶውን በዜሮ ሞላው። ኬክሮስ ዜሮ፣ ኬንትሮስ ዜሮ። ካርታው ላይ ስናይ መኪናችን ከጋና በስተደቡብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ቆማለች።

አገሩ በሙሉ የባሕር በር እያለ ሲያዝን ይኸው ልጆቻችን ፓርኪንግ ውስጥ ገብተው ውቅያኖስ ደረሱ! ለካ እኛ ብቻ አይደለንም፤ የዓለም ሰነፍ ፕሮግራመር ሁሉ የጠፋበትን ዕቃ እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ካርታ ሠሪዎች በቀልድ የሌለ ደሴት ስም ሰጥተውታል። እዚያ ያለው እውነተኛ ነገር የአየሩንና የባሕሩን ሁኔታ የሚለካ አንድ ተንሳፋፊ መሣሪያ ብቻ ነው። የዓለም መኪናና ስልክ ሁሉ ከላዩ ላይ ተቆልሎበት ምን እንደሚል እግዚአብሔር ይወቀው።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እኛ ፊልድ ቡክ ላይ ላጲስ ክልክል ነበር። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ እንዲነበብ ሆኖ ይቀራል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል። ያላየኸውን አትጽፍም፤ ባዶ ከሆነ ባዶ ይቀመጣል። ምክንያቱም ያንን ደብተር የሚወስድ ሌላ ሰው አለ፤ እሱ አንተን አያገኝህም፤ ደብተርህን ብቻ ነው የሚያገኘው። ማካፈል ማለት ቁጥሩን መስጠት ብቻ አይደለም። መቼ እንደታየ፣ ምን ያህል እንደሚታመን፣ በምን እንደተለካ አብሮ ካልሄደ ሐሜት ነው።

በምን እንደተለካ ስል ደግሞ አንዱ «ጋሼ፣ ጂፒኤስ ጂፒኤስ ነው» አለኝ። አይደለም የኔ ልጅ። የአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታችንን አምጣና ነጥብህን ጣልበት አልኩት። ጣለ። መኪናው ከመንገዱ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ሰው ግቢ ውስጥ ገባ። ካርታው ተሳስቷል ብሎ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት ያዝኩት። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ካለች ነጥብ ተነስቶ የተዘረጋ ልኬት ነው። መሬትንም የሚመስላት በፈረንጅ 1880 በወጣው በክላርክ ቅርጽ ነው። ሳተላይቱ የሚናገረው ደግሞ በዓለም አቀፉ፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚሉት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ከየት እንደተነሱ ካልጻፍክ ግን ሁለቱም ውሸታም ይሆኑብሃል። በድሮ ካርታ የተያዘ የወሰን ነጥብ በዚህ ዝምታ የተነሳ የጎረቤት መሬት ላይ ቢያርፍ ጠቡን ኮንቴይነሩ አይዳኝም። ልጆቹ በዚያን ጊዜ ላፕቶፑን ከጭኔ አነሱልኝ። ያን ቀን ያገኘሁት ትልቁ ክብር ይኸ ነው።

መጨረሻዬን ስሙና እንለያይ። ጂፒኤስ ዘመን መቁጠር የጀመረው በእኛ 1972 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነው። የሚቆጥረው በሳምንት ነው፤ በቀድሞው መልእክት ለሳምንቱ ቁጥር የተሰጠው ቦታ ጠባብ ስለሆነ 1,024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ነሐሴ 1991 ተመለሰ፤ መጋቢት 2011 ደግሞ ተመለሰ። የትኛው ዙር እንደሆነ መገመት ያለበት ሰሚው ነው። የወደድኩት ሽማግሌ ጂፒኤስዲ እንኳ በዚህ ተይዟል። ከ3.20 እስከ 3.22 ባሉት ቅጂዎቹ ውስጥ የተጻፈ ስህተት ስለነበረ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ሲደርስ ቀኑን ወደ መጋቢት 1994 እንደሚመልስ ታወቀ። ቀድመው አረሙት፤ ያላደሰ ያድስ ተብሎም ማስጠንቀቂያ ወጣ። ፈረንጆች ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ናችሁ እያሉ ይስቁብናል፤ የእነሱ ፕሮግራም ባንድ ሌሊት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ ሊያፈገፍግ ነበር፤ እኛ ስቀናል?

ኮንቴይነር ደግሞ ይኸን ያባብሰዋል። የተሠራ ቀን የነበረውን ቅጂ ታቅፎ ይኖራል፤ ውጪ ያለው ኮምፒውተር ቢታደስ እሱ አይታደስም። «በዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው የትኛው ቅጂ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱም ተያዩ። ሠሪው ማን ነው? ከኢንተርኔት ያወረዱት ነው። መቼ ተሠራ? አይታወቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር ማን እንደሆነ የማያውቅ ቀበሌ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ትእዛዜን ጽፌ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። መቀበያዋን አንድ ሰው ብቻ ያዳምጥ። ስሟ በጉብታ አይቀየር። ለጎረቤት ክፈቱ፣ ለመንገደኛ ዝጉ። ቦታውን ስታካፍሉ ሰዓቱን፣ ደረጃውን፣ የስህተቱን ግምትና መነሻውን አትቁረጡ፤ ያጣችሁትን አጣሁ በሉ። የቅጂውን ቁጥር ከሳጥኑ ውጪ ጻፉ። የሳምንቱ ቁጥር ደግሞ የሚዞረው ኅዳር 2031 ነው። በዚያ ሌሊት መኪናችሁ ወደ 2011 ብትመለስባችሁ፣ መቃብሬ ድረስ መጥታችሁ «ጋሼ፣ ምን ይሻለናል?» እንዳትሉኝ። ከመጣችሁም መቃብሬን የምታገኙት በየትኛው መነሻ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ የሌላ ሰው መቃብር ላይ ቆማችሁ እንዳታለቅሱ።